የመጥበሻ ስብ ለፈንጂ፦ አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት

[ምስል፦ ፖስተሩ፣ ቀረብ ብሎ]

እስቲ ይህን ፖስተር ልብ ብላችሁ እዩት። እጅ መጥበሻ ያጋድላል፤ ስቡ ይንቆረቆራል፤ ከታች ቦምቦችና ፍንዳታ። ሠዓሊው ሄንሪ ኮርነር ነው። ያወጣው የአሜሪካ መንግሥት የጦርነት መረጃ ቢሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1943። ጽሑፉ አጭር ነው፦ የተረፈ ስብ ለፈንጂ አስቀምጡ፣ ወደ ሥጋ ሻጫችሁ ውሰዱ።

ስብና ፈንጂ ምን አገናኛቸው? ግሊሰሪን። ከስብ ክብደት አንድ አሥረኛው ገደማ ግሊሰሪን ነው፤ እሱ በአሲድ ሲሠራ ናይትሮግሊሰሪን የተባለ ፈንጂ ይወጣዋል። ጃፓን ፊሊፒንስን ስትይዝ ከዚያ ይመጣ የነበረው፣ ግሊሰሪን የሚወጣበት የኮኮናት ዘይት ተቋረጠ። ዓይን ወደ ወጥ ቤት ዞረ።

[ምስል፦ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ጣሳ]

ሥዕሉ ያስደነግጣል፤ እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን ለእመቤቶች የተሰጠው መመሪያ ዝርዝርነት ነው። ስቡ በመጀመሪያ ለምግብ ደጋግሞ ያገለግላል። ጠቁሮ አልሆን ሲል እየተጠለለ አፈ ሰፊ በሆነ ንጹሕ ጣሳ ይጠራቀማል። ብርጭቆ አይሆንም፤ ትኩስ ስብ ያርፍበትና ይሰነጠቃል። ወረቀት ደግሞ ያፈሳል። ፍርፋሪና ውሃ ያለበት ስብ ቶሎ ይሻግታል፤ ሲሻግት የሚፈለገው ግሊሰሪን ይቀንሳል። ስለዚህ ጣሳው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። አንድ ፓውንድ (ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ) ሲሞላ፣ ልኳንዳ ቤት ይሄዳል፤ ይመዘናል፤ ይከፈልበታል።

ክፍያው 4 ሳንቲም ብቻ በነበረበት ጊዜ የሚመጣው ስብ ከታሰበው በታች ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከመጋቢት 1943 ጀምሮ ሥጋ፣ ቅቤና የምግብ ስብ በራሽን ሆኑ፤ ታዲያ በእጇ ያለውን ስብ ማን ትሰጣለች? መንግሥት መልሱን አገኘው። በ1944 ለአንድ ፓውንድ ስብ ከ4 ሳንቲሙ ጋር 2 ቀይ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ቀይ ነጥብ ማለት በራሽን ሥጋና ቅቤ መግዣ ፈቃድ ነው። ጣሳ ሙሉ ስብ ይዛ የሄደች ሴት በነጥቡ ላይ ገንዘብ ጨምራ ቅቤ ይዛ መመለስ ቻለች።

[ምስል፦ የሳሙና ፋብሪካ]

የዘመቻውን ማስታወቂያ ወጪ የሸፈኑት በዋናነት የሳሙና አምራቾች ናቸው። ለሳሙናም ዋናው ጥሬ ዕቃ ስብ ነው፤ ግሊሰሪኑ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ሳሙና ይሆናል። አሁን ወደ ፖስተሩ እንመለስ፤ ስለ ሳሙና አንድም ቃል የለበትም።