ቅዳሜ ቅዳሜ አታስነሷት

ክቡራን እንግዶች፣ የቮልስ ቤተሰቦች፣ እንደምን ዋላችሁ?

አስተባባሪዎቹ ስለ ክረምት አያያዝ አስር ደቂቃ ተናገር ብለውኛል። ሰኔ ገብቷል። ብዙዎቻችሁ ቮልሳችሁን እስከ መስቀል ልታቆሟት ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ካቆማችኋት ዓመታት አልፈዋል። ስለ መስከረም 2 ቀን 1967 አልናገርም። ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ መሆኗን እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። በየዓመቱ እሱን ስንተርክ ሰዓቱ ያልቃል፤ መኪኖቹም በየግቢው ይበሰብሳሉ።

እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ይዤ ነው። የቆመች መኪና በየሳምንቱ አስነስቶ፣ አምስት ደቂቃ ባለችበት አንተክትኮ ማጥፋት ሞተር ይገድላል።

አንድ ቤት ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፤ እዚህ ካሉ ራሳቸውን ያውቃሉ። ቮልሷ የአባት ናት፤ አባት አርፈዋል። ታላቅየው ዋሽንግተን ነው፣ ለመኪናዋ ብር ይልካል። ታናሽየው ጉለሌ፣ የአባቱ ግቢ ውስጥ ይጠብቃታል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሳና በቪዲዮ አሳየኝ። ታናሽ ታዛዥ ነው። ቅዳሜ በማለዳ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ያስነሳታል፣ ስልኩን ከኋላዋ ይደቅናል። ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ነጭ ጭስ ቡልቅ ቡልቅ ያደርጋል። እዚያ ገና የአርብ ሌሊት ነው፤ ታላቅየው አልጋው ላይ ሆኖ ድምጿን እየሰማ እንባ እንባ ይለዋል። አባቱ ትዝ ይሉታል፣ አልፈርድበትም። ከዚያ ትጠፋለች፣ ላስቲክ ይጣልባታል፣ እስከ ሳምንቱ። እንዲህ እያለች ስንት ክረምት አለፈ።

በመጨረሻ ተጠራሁ። «ጋሼ፣ ጉልበት አጣች። ግን እኮ አንድም ቅዳሜ አልዘለልንም!» አለኝ ልጁ። የዘይት ክዳኑን ፈታሁት። ውስጡ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ወፍራም አረፋ ተለጥፏል። የመለኪያውን ዘንግ መዝዤ አሸተትኩት፤ ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ከስር የዘይቱን ማጣሪያ ወንፊት አወረድኩ፤ ዝቃጭ ጠግቧል። ማርሚታውን በካቻቢቴ ነካ ባደርገው ካቻቢቴው ዘልቆ ገባ። ከውስጥ ዝገት በልቶ ጨርሶታል። ያ በቪዲዮ ሲላክ የኖረው ነጭ ጭስ እኮ ውሃ ነበር!

ነገሩ ምትሃት የለውም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጥራል። ሞተሩና ማርሚታው በደንብ ከጋሉ ውሃው ተንኖ ይወጣል። ካልጋሉ ማርሚታው ውስጥ ይተኛል፣ ከፊሉም ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ደግሞ ቀዝቃዛ ሞተር የሚነሳው ቤንዚን በዝቶለት ነው። ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል። የት ይሄዳል? እዚያው ዘይቱ ውስጥ። ቮልስ የምትይዘው ዘይት 2 ሊትር ተኩል ነው። እንደ ዘመኑ መኪና የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ያቺ ወንፊት ብቻ ናት። በዚያች ጥቂት ዘይት ላይ ነው በየሳምንቱ ውሃና ቤንዚን የምንጨምረው።

«ባትሪው እንዳይሞት ብለን ነው» ትሉኛላችሁ። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሞተሩ ባለበት ሲንተከተክ ይሄ ነው የሚባል ኃይል አይሰጥም። ሞተሪኖው፣ ያ ማስነሻው፣ ሲያስነሳ የበላውን እንኳ አይመልስም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባትሪያችሁን እየቀነሳችሁ ነው።

ስለዚህ ወይ ንዷት፣ ወይ ተዉአት! ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን ከፒያሳ እንጦጦን አልፋችሁ ሱሉልታ ደርሳችሁ ተመለሱ። ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ፣ ዳገት ያለበት መንገድ ይሁን። ጊዜ የለኝም የሚል ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ያቆየው። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼም ይስሙኝ። ደንበኛ ሲጠይቃችሁ «አልፎ አልፎ አስነሷት» ብሎ መሸኘት ይቅርብን! ይህች መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ በፈረንጆቹ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ምርቷ ቆሟል። ከእንግዲህ አዲስ አትመጣም። ያለችው እጃችን ላይ ያለችው ናት፤ እሷንም በፍቅር እየገደልናት ነው!

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ነው።

ከማቆማችሁ በፊት ዘይት ቀይሩ፤ አሮጌ ዘይት አሲድ ይዞ ነው የሚከርመው። ቤንዚን ሙሉ ይሁን፤ ሰልባቲዮው፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ጎዶሎ ከሆነ ውስጡ ያልበዋል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው፤ አውጡትና ቤት ውስጥ በየወሩ ቻርጅ አድርጉት። እዚያው ከተዋችሁት አሲዱ የወለሉን ላሜራ ይበላል። የእጅ ፍሬን አትያዙ፣ ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል። ማርሽ አስገቡና ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ። ለጎማው ትንሽ ንፋስ ጨምሩለት። ላስቲክ አታልብሷት፤ እርጥበቱን ያፍነዋል። አየር የሚያስገባ ጨርቅ ይሻላል፣ ጣሪያ ካለ ደግሞ ምንም አያስፈልግም። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፣ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

አይጥ ደግሞ አለ። የሞተሩ ማቀዝቀዣ በንፋስ ስለሆነ ማራገቢያው ቤት ውስጥ ጎጆ ከሠራ ንፋሱ ይዘጋል፤ ሳታውቁት ሞተሩ ግሎ ይቃጠላል።

መስከረም ላይ ከማስነሳታችሁ በፊት የቤንዚን ቱቦውን በእጃችሁ ጎንበጥ አድርጉት። ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው የጋለ ሞተር ላይ ነው፤ ስንት ቮልስ በዚች ርካሽ ቱቦ ተቃጥሏል።

ጥያቄ ያለው ከሻይ በኋላ መኪኖቹ ጋ ያግኘኝ። የእያንዳንዱን የዘይት ክዳን ላስከፍት ነው፤ ስልካችሁን አዘጋጁ፣ ለወንድሞቻችሁ የምትልኩት ቪዲዮ እሱ ይሁን። አመሰግናለሁ።