እስከ ሆስፒታሉ በር

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የተጻፈ ነገርም አልያዝኩም። ከሆዴ ነው የማወራችሁ።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት አዲስ አበባ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዛ ሁሉ አዳር አንድ ልጅ ከአእምሮዬ አይወጣም። ታካሚ አልነበረም። የሚኒባስ ረዳት ነው።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ሚኒባሱ ክላክሱን እያስጮኸ ገባ። በሩን ስንከፍተው አንድ ጎልማሳ ሰው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ ጭኑን ቆርቆሮ ሰንጥቆታል። ረዳቱ፣ ቢበዛ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሹራቡን አጣጥፎ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ተጭኖታል። እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቦታ ሄደው «አልጋ የለም» ተብለው ነው የመጡት፤ ያን ሁሉ መንገድ እንደተንበረከከ ነው። «በቃ ልቀቀው፣ እኛ እንይዘዋለን» አልኩት። አልለቀቀም። ደግሜ ነገርኩት። «ብለቀው ይሞታል» አለኝ። መጨረሻ ላይ እጄን ከእጁ ጎን አስገብቼ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኳቸው። ደንዝዘው አልታዘዝ ብለውታል።

ሰውየው ተረፈ። ሐኪሞቹ ጥሩ ሠርተዋል፣ ደምም ተገኘ። ግን እኔን ብትጠይቁኝ ያዳነው ያ ልጅ ነው። ከትልቅ የጭን ደም ስር የሚፈስ ደም እኮ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። እሱ ባይጫነው ኖሮ እኛ በር ላይ የምንቀበለው አስከሬን ነበር።

ይሄ ልጅ ሰሞኑን ትዝ ያለኝ ስለ ሞቃዲሾ ሳነብ ነው። የሶማሊያ መንግሥት በፈረንጆቹ 1991 ሲፈርስ ብዙ ነገር አብሮ ፈረሰ፤ ሕክምና ግን ጨርሶ አልጠፋም። ኬይሳኒ የሚባል ሆስፒታል አለ፣ ድሮ እስር ቤት ነበር፣ በፈረንጆቹ 1992 ሆስፒታል አደረጉት። መዲና ሆስፒታልም አለ፤ እዛ የሚሠሩ ሐኪሞች በጥይትና በፍንዳታ ቁስል የደረሱበትን ልምድ ሌላ አገር በቀላሉ አታገኙትም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ መንገዱ ነበር። ገበያ ላይ ሰው ሲቆስል የሚያነሳው አልነበረም። በእጅ ጋሪ ይገፉት ነበር። አዎ፣ ሲሚንቶና አሸዋ በሚገፋበት ጋሪ።

በፈረንጆቹ 2006 አብዱልቃድር አብዲራህማን አደን የሚባሉ የጥርስ ሐኪም፣ ፓኪስታን ተምረው የተመለሱ፣ ይሄን አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። በራሳቸው ገንዘብ አንድ ሚኒባስ ይዘው ጀመሩ። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ አንድ ዶላር እየለመኑ ቀጠሉ። አሚን አምቡላንስ ብለው ሰየሙት፣ አሚን የታመነ እንደማለት ነው። 999 ትደውላለህ፣ ይመጣል፣ አያስከፍልም። የጥርስ ሐኪም መሆናቸው በጣም ይነካኛል። ቁጭ ብለው ጥርስ እየነቀሉ መኖር ይችሉ ነበር።

ከዛ ጥቅምት 4 ቀን 2010 መጣ፣ በፈረንጆቹ 2017። ቅዳሜ ቀን፣ እዛው ሞቃዲሾ ዞቤ የሚባል መስቀለኛ መንገድ ላይ ፈንጂ የጫነ የጭነት መኪና ፈነዳ። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚቴ የሟቾቹን ቁጥር 587 ብሎ ነው የመዘገበው። እንግዲህ አስቡት፣ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ። ከተቃጠሉት ውስጥ ሰው መሆናቸው እንኳን የማይለይ ነበሩ። ሆስፒታሎቹ ሞልተው ሕዝቡ ደም ለመስጠት ወጣ፣ ፕሬዚዳንቱም ሰጡ፣ ከባድ ቁስለኞችን ቱርክ በአውሮፕላን ወሰደቻቸው። እነዚያ አምቡላንሶች ግን አውሮፕላኑ ሳይመጣ ነው እዛ የነበሩት፣ ከጢሱ ውስጥ ሰው ሲያወጡ።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በፈረንጆቹ 2022፣ እዛው ዞቤ፣ ያውም ቅዳሜ፣ እንደገና ሁለት ፍንዳታ ሆነ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። የመጀመሪያው ሲፈነዳ አምቡላንሱ ቁስለኛ ሊያነሳ ደረሰ፤ ሁለተኛው አምቡላንሱን መታው። ሹፌሩና የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኛው ቆሰሉ። ይሄንን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። አንድ ፈንጂ ሲፈነዳ ሁለተኛ ሊኖር እንደሚችል የማያውቅ የሞቃዲሾ አምቡላንስ ሹፌር የለም። እያወቀ ነው የሚነዳው።

እና እኔ የምለው ምንድን ነው፣ በጦርነት የተጎዳ አገር ላይ ስለ ሕክምና ሲወራ ወሬው ሁሉ ሕንፃ ነው። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር። ሕንፃ አያስፈልግም አልልም፣ ቀዶ ሕክምና ሜዳ ላይ አይሠራም። ግን ቁስለኛው እስከ ሆስፒታሉ በር ካልደረሰ ሕንፃው ምን ያደርግለታል? የሚጫን እጅ፣ ደም የሚያቆም ማሰሪያ፣ የሚነሳ ስልክ፣ ኬላ ላይ የማያስቆሙት መኪና። በር ላይ ደግሞ ማን ይቅደም የሚለውን በደቂቃ የሚለይ ሰው፣ እኛ ትሪያጅ የምንለው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ያዘጋጁት መሠረታዊ የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና አለ፣ አምስት ቀን ነው የሚፈጀው። አምስት ቀን! መጀመሪያ አየር ቧንቧውን እይ፣ ከዛ ትንፋሹን፣ ከዛ የደም ዝውውሩን፣ እያለ የሚሄድ። ውድ ማሽን አይፈልግም።

የሞቃዲሾ ነገር የጎረቤት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ በተጀመረ በወራት ውስጥ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው የእርዳታ ድርጅት ሰዎች 106 የጤና ተቋማትን ሄደው አይተው ነበር። ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ተዘርፈዋል፤ በወጉ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። አምቡላንሶችም ተወስደዋል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ፣ ለሰዓታት። የጸጥታው ምክር ቤት በፈረንጆቹ 2016 ሐኪምና አምቡላንስ በጦርነት እንዳይነኩ ብሎ 2286 የሚባል ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው ጥሩ ነው። አምቡላንሶቹ ግን ተወሰዱ። ይሄ ያንገበግበኛል፣ ዛሬም።

ለማንኛውም፣ እኔና ሁለት የድሮ ባልደረቦቼ ሰፈራችን ያለ የታክሲ ተራ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለረዳቶችና ለተራ አስከባሪዎች ደም ማቆም ማሳየት ጀምረናል። ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ ጨርቅ፣ አንድ ትራስ፣ የኔ እጅ። የቀይ መስቀልን 907 ስልካቸው ላይ እንዲመዘግቡ እናደርጋለን። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ትራሱን ተጭኖ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ «እስከ መቼ ነው የምጫነው?» አለኝ። «የሚረከብህ ሰው እስኪመጣ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ትንሽ ጠበቅ አድርጎ መጫኑን ቀጠለ። ከዛ የመኪናው ተራ ደረሰና ሄደ።