በረዶ ላይ የተነሰነሰ ጨው

አዘጋጇ፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ከባሕር ዳር ነው የምንወያየው። ባለፈው ሳምንት ዓሣ ልገዛ ወደ ጣና ዳር በወረድኩበት ማለዳ፣ አንድ ነጋዴ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በተሸፈነበት በረዶ ላይ ጨው ሲነሰንስ አየሁና ምክንያቱን ጠየቅሁት። «ይበልጥ እንዲቀዘቅዝ ነው» አለኝ፤ በረዶው ግን ዓይኔ እያየ ይቀልጥ ነበር። መምህር፣ የሚቀልጥ በረዶ እንዴት አብልጦ ይቀዘቅዛል?

መምህሩ፦ ነጋዴውም አልተሳሳተም፣ አንቺም ያየሽው ልክ ነው፣ እህቴ። በረዶና ንጹሕ ውኃ በዜሮ ዲግሪ አብረው ሲቀመጡ፣ ከበረዶው ተላቀው ወደ ውኃው የሚገቡት ሞለኪውሎች ከውኃው ተመልሰው በረዶው ላይ ከሚለጠፉት ጋር እኩል ናቸው። ጨው ሲጨመር በረዶው ውስጥ ስለማይገባ የሚላቀቁት አይቀንሱም፤ በውኃው በኩል ግን የጨው ቅንጣቶች ስለሚቀላቀሉበት ተመልሰው የሚለጠፉት ያንሳሉ፤ ስለዚህ በረዶው ይቀልጣል። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ 334 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህንንም የሚወስደው ከራሱ፣ ከውኃውና ከዓሣው ነው። ጨውና በረዶ በተገቢው መጠን ከተደባለቁ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል።

አዘጋጇ፦ እኔም ቤት ገብቼ ሞከርሁት። በቆርቆሮ ኩባያ የተፈጨ በረዶ ሞልቼ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጥሁት። ጥቂት ቆይቶ የኩባያው ውጭ ነጭ አመዳይ ለበሰ፤ ኩባያውን ሳነሣውም ጨርቁ ከሥሩ ተጣብቆ አብሮ ተነሣ።

መምህሩ፦ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። በስኳር ብትሞክሪው ኖሮ ግን ይህን ያህል አይሆንም ነበር። አንድ ኪሎ ውኃ ውስጥ 342 ግራም ስኳር ቢሟሟ፣ ውኃው በረዶ መሆን የሚጀምረው ከዜሮ በታች 1.86 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በ58.5 ግራም ጨው ግን 3.4 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሁለቱ መጠኖች ሳይሟሙ በቅንጣት ቁጥር እኩል ናቸው፤ ስኳር ሲሟሟ ግን ሞለኪውሉ እንዳለ ይቆያል፣ ጨው ደግሞ ሶዲየምና ክሎራይድ ወደሚባሉ ሁለት ቅንጣቶች (አዮኖች) ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1788 እንግሊዛዊው ቻርልስ ብላግደን የጨዉ መጠን ሲጨምር ዝቅታውም በዚያው ልክ እንደሚጨምር አሳይቶ ነበር፤ ወሳኙ ነገር የቅንጣቶቹ ቁጥር እንጂ ዓይነታቸው አለመሆኑ ይበልጥ የጠራው ግን በ1880ዎቹ በፈረንሳዊው ራዑል ሥራ ነው። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

አዘጋጇ፦ ታዲያ ለዓሣው ይበጀዋል?

መምህሩ፦ ዕለቱን ለሚሸጥ ትኩስ ዓሣ አልመክርም። የዓሣ ሥጋ ከዜሮ በታች ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ባለው ውስጥ መርጋት ይጀምራል፤ በዝግታ ሲረጋ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ሥጋውን ያበላሹታል፣ ሲቀልጥም ይልፈሰፈሳል። ጨው ያልነካው በረዶ ዜሮ ላይ ስለሚቆይ ዓሣውን ሳያረጋ ያቀዘቅዘዋል።

አዘጋጇ፦ ይኸው ሕግ ወተት ውስጥ ውኃ መጨመሩን ለማወቅ ያገለግላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መምህሩ፦ አዎ። የላም ወተት በውስጡ በሟሟው የወተት ስኳርና ማዕድን ምክንያት ከዜሮ በታች 0.52 ወይም 0.53 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል። ቅባቱ ስላልሟሟ ከቁጥር አይገባም፤ ስለዚህ ቅባቱ የተገፈፈ ወተትም ካልተገፈፈው ጋር ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። እፍጋቱን፣ ማለትም ከይዘቱ አንጻር ያለውን ክብደት ብቻ የሚለካው ላክቶሜትር ግን ሊታለል ይችላል፤ ቅባት ሲወጣለት ወተቱ ይከብዳል፣ ውኃ ሲጨመርበት ይቀልላል፣ ሁለቱ ከተደረጉበት ንባቡ ደኅና ይመስላል። የሚረጋበት መጠነ ሙቀት ከተለካ ግን ከአሥር እጅ አንዱ ውኃ የሆነ ወተት ከዜሮ በታች 0.47 አካባቢ ይረጋና ይታወቃል።

አዘጋጇ፦ ከውኃው ጋር ጨው የጨመረበትስ?

መምህሩ፦ ያኔ ይህ መለኪያም ይታለላል። የሚቆጥረው ቅንጣቶችን ስለሆነ፣ ቅንጣቱ የወተት ስኳር ይሁን የገበታ ጨው አይለይም። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚያደርግ ቤተ ሙከራ የወተቱን ጨው ለብቻው ይመረምራል።