ሰማዩ አጉረመረመ

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ። ከድሬ ነው የምቀዳው። ድምፁ ከእኔ ድምፅ በላይ ስለሚሰማ ቬንትሌተሩን አጥፍቼዋለሁ። ስለዚህ ላቤ እየተንጠባጠበ ነው የማወራችሁ፣ ቶሎ ልግባበት።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ራምብል። ድምፅን አስመስለው ከፈጠሯቸው ቃላት አንዱ ነው፣ እንደኛ ጧ፣ ድም፣ ሿ ማለት ነው። ይህ ቃል አንድ ቀን ከፊራ ገበያ መሃል ጉድ ሠርቶኛል።

አንድ እንግሊዛዊ እንግዳ ነበረኝ። ሐምሌ ነው። ገበያ ስናይ ሽርጥ ወደደ። ሻጯ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ዋጋ ጠሩ፣ እኔ ቀነስኩ፣ እሳቸው ፍንክች አላሉም። ለእንግዳዬ በጆሮው "አልፈለግነውም ብለን እንሂድ፣ ራሳቸው ይጠሩናል" አልኩት። ፊቱን ኮስተር አድርጎ መንገድ ጀመረ። አምስት እርምጃ እንደሄድን ከኋላችን "ኧረ ልጄ፣ ካልፈለጋችሁት ሽርጤን መልሱልኛ!" ሲሉ ሰማሁ። ዞር ስል ሰውዬው ሽርጡን ደረቱ ላይ አቅፎታል። አቦ!

በሳቅ ፈነዳና "ዊ ሃቭ ቢን ራምብልድ!" አለ። እሳቸውም እየሳቁ "ምን አለ?" አሉኝ። እኔ ደግሞ ራምብልን የማውቀው ለነጎድጓድ ብቻ ነው። "ሰማዩ አጉረመረመ ነው የሚለው" አልኳቸው።

ሳቃቸው ቀጥ አለ። ሰማዩን ቀና ብለው እንኳን አላዩም፣ በላያችን ጥርት ያለ ነበር። ወደ ደቻቱ ወንዝ ዞረው ጆሯቸውን ጣሉ። "ላይ ዘንቧል እንዴ?"

የድሬ ልጅ ይህ ይገባዋል። ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ከዘነበ ግን ጎርፉ እያጓራ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያኔ ልጅ ነበርኩ። አያቴ ቡፌ ውስጥ የምታስቀምጣቸው የሻይ ብርጭቆዎች ነበሯት። ባቡር ሲያልፍ እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ይንጫጫሉ። ድሬን የወለዳት ባቡር ነው፣ ሃዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ስለዚህ በብርጭቆ ጫጫታ ማንም አይደነግጥም። ያን ሌሊት ግን አያቴ ተነስታ ተቀመጠችና "በዚህ ሰዓት ደግሞ ምን ባቡር አለ?" አለች።

ራምብል ማለት ለእኔ ይኸው ነው። ጆሮህ ሳይሰማው እግርህ የሚሰማው ድምፅ። ጧ ብሎ አያልቅም፣ እየተንከባለለ ይቆያል። እንግሊዞቹ ለነጎድጓድም፣ ለከባድ መኪናም፣ ለተራበ ሆድም ይሉታል። እኛ "ሆዴ ጮኸ" ነው የምንለው፣ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል።

አማርኛችን ውስጥ ብዙ ነገር ድምፁን ራሱ "ይላል"። በሩ ሲጥጥ ይላል፣ ውሃው ጠብ ይላል፣ ብርጭቆው ኳ ይላል። በሩም ብርጭቆውም ተናጋሪ ነው። ለራምብል የሚቀርበው ቃላችን ግን "አለ" አያስፈልገውም፣ አጉረመረመ ብሎ ራሱን ችሎ ቆሟል። ሰማይም ያጉረመርማል፣ ደመወዝ የዘገየበት ሰውም ያጉረመርማል። ለሰውዬው እንግሊዝኛው ከፊቱ አንድ ፊደል ጨምሮ ግራምብል ይላል። ይህን ሳገኝ ብቻዬን ስቄያለሁ።

አሜሪካኖች ዘንድ ደግሞ ራምብል ድብድብም ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. መሐመድ አሊ እና ጆርጅ ፎርማን ኪንሻሳ ላይ ሲጋጠሙ ግጥሚያውን ራምብል ኢን ዘ ጃንግል አሉት። ቤት ይመታላ! አሊ በስምንተኛው ዙር ዘረረው።

የእኔ እንግዳ ግን ስለ ሰማይም ስለ ቡጢም አልነበረም የሚያወራው። እንግሊዞች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ቃሉን ለሌላ ነገርም ይጠቀሙበታል። ተንኮልህን ሰው ሲደርስበት "ተራምብለሃል" ይሉሃል። ለዚህ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፣ ማንኛውም የሰፈር ልጅ ይተረጉመዋል፦ ተነቃብን።

እሱ ራሱ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። "እናቴ፣ ይቅርታ፣ ተነቃብን ነው ያለው" አልኳቸው። "ታዲያ እንደሱ አትልም! ልቤን አወለቅከው እኮ" አሉና ሳቁ። ሽርጡን አጣጥፈው ሰጡን። ከጠሩት ዋጋ አንዲት ብር አልቀነሱም፣ ለመከራከርም አፍ አልነበረኝም።

አሁንም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ከሩቅ ይጣራሉ፦ "አንተ! ዛሬስ አጉረመረመ?"

በሉ፣ ቬንትሌተሩን ላብራው።