ማሰሪያው ሰፍቶሃል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ አንድ የልብ ወለድ ትዕይንት ላውራችሁ።

አባታቸው የሞተባቸው ወንድምና እህት ዕቃ ሲከፋፈሉ ነው። መጀመሪያ አራት ገጽ ጻፍኩ። እህትየው «ሁሌም አንተን ነበር የሚያስበልጠው» ትላለች፣ እሱ ይቆጣል፣ ይላቀሳሉ። ሳነበው ግን ምንም አልተሰማኝም። ሆዳቸው ውስጥ ያለውን በሙሉ ዘርግፈውታል፤ ለአንባቢው የተረፈ ነገር የለም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ ይቺ ልጅ አሁን፣ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ የምትፈልገው ምንድን ነው? «ፍቅር» ብዬ ነበር፤ እሱ አይሠራም። በእጅ የሚያዝ ነገር ያስፈልጋል። የአባቷን የእጅ ሰዓት አደረግኩት።

የመጀመሪያውን ገጽ እንዳለ አወጣሁት። በር ተንኳኳ፣ ሰላም ተባባሉ፣ ተቀመጡ… ለምን? አሁን ስንገባ ሰዓቱ ወንድምየው እጅ ላይ ነው።

«ማሰሪያው ሰፍቶሃል» አለችው።

ዝቅ ብሎ አየው። አንድ ቀዳዳ አጠበቀና መልሶ ቆለፈው።

በቃ። «ስጠኝ» አላለችም፣ እሱም «አልሰጥሽም» አላላትም። እኔ ግን ይህችን ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1886 ለወንድሙ ለአሌክሳንደር በጻፈው ደብዳቤ፣ የጨረቃ ሌሊትን ለማሳየት በወፍጮ ግድብ ላይ የሚያብለጨልጭ የጠርሙስ ስባሪ እንደሚበቃ ይመክረዋል። ለረጅም ጊዜ ይህን ምክር ስለ ተፈጥሮ ገለጻ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ለካ ለቂምም ይሠራል! ያቺ የማሰሪያ ቀዳዳ የእኔ የጠርሙስ ስባሪ ናት።

እዚህ ላይ ግን፣ ሁሉም ነገር በትዕይንት ይታይ የሚሉትን አልቀበልም። «ሦስት ወር አለፈ» ብሎ መሻገር ምንም ነውር የለበትም። ትዕይንት የሚገባው አንድ ነገር ለሚለወጥበት ቦታ ነው። እኔ ወደ ትዕይንቱ ስገባና ስወጣ ያለውን ሁኔታ በአንድ በአንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ሁለቱ መስመሮች ከተመሳሰሉ ትዕይንቱን እጥለዋለሁ። የዚህኛው እንዲህ ይላል፦ ስትገባ ልትካፈል መጥታለች፤ ስትወጣ ወንድም የላትም።

መጨረሻ ላይ የነበረውን ለቅሶም ቆረጥኩት። አሁን እሱ «ሳህኖቹን ሁሉ ውሰጃቸው» ይላታል። እሷ ጋዜጣ ትስብና፣ አንድ በአንድ፣ መጠቅለል ትጀምራለች።