ማሲንቆ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር

እሱ፦ አድማጮቻችን እንደምን ሰነበታችሁ፤ ከጎንደር ነን። ዛሬ እንግዳ አልጠራንም። ይቺ ባልደረባዬ ማሲንቆ ከያዘች ሦስት ወር ሆኗታል፣ እሷኑ እንጠይቃታለን።

እሷ፦ ሦስት ወር ከሁለት ሳምንት። ሁለቱን ሳምንት አትብላብኝ።

እሱ፦ እሺ ይቅርታ። ጎረቤት ምን ይላል?

እሷ፦ አከራዬ አንድ ማታ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ የዚህን በር ማጠፊያ ዘይት አድርጊበት» አሉኝ። በሩ ዝግ ነበር እኮ!

እሱ፦ (ሳቅ) ጥፋቱ የደጋኑ ነው የጣትሽ?

እሷ፦ መጀመሪያ የደጋኑ ነበር። ሙጫ በደንብ አላሸሁትም። የደጋኑም ጭራ፣ የማሲንቆውም ጭራ፤ ሙጫ ከሌለ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ድምፅ የለም። እሱ ቶሎ ተስተካከለ። ጣት ግን… ጣት ሌላ ጉድ ነው።

እሱ፦ ለማያውቅ እናስረዳ። ክራር ላይ ገመዱ ብዙ ነው፣ ሁሉም የየራሱ ድምፅ አለው። ማሲንቆ አንድ ገመድ ብቻ ነው። ዜማውን በሙሉ የግራ እጅ ጣቶች ናቸው የሚያወጡት።

እሷ፦ ምልክት ደግሞ የለውም። ጊታር አንገቱ ላይ የተደረደረ ብረት አለው። ቫዮሊን ብረት ባይኖረውም ገመዱን የምትጫንበት እንጨት ከሥር አለ። ማሲንቆ ላይ ገመዱ ከአንገቱ ራቅ ብሎ ነው የተወጠረው። ጣትህ ገመዱን ይነካል እንጂ እንጨቱ ላይ አይደርስም። አየር ላይ ነህ በቃ።

እሱ፦ እና ፕላስተር ለጠፍሽ።

እሷ፦ ለጠፍኩ! የቫዮሊን ጀማሪዎች እንደዚያ ሲያደርጉ አይቼ ነው። የቁስል ፕላስተር በቀጭኑ ቆርጬ፣ ስልኬ ላይ ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ ጭኜ፣ አንገቱ ላይ አራት ቦታ። በጣም ኮራሁ። በማግስቱ ማሲንቆውን አቅፌ ከፒያሳ በባጃጅ ወደ መምህሬ ሄድኩ። መንገዱን ታውቀዋለህ። ስደርስ ሁሉም ድምፅ ተበላሽቷል።

እሱ፦ ብርኩማዋ፣ ገመዱን ከቆዳው ከፍ አድርጋ የምትይዘው፣ ተንሸራታ ነዋ።

እሷ፦ እንዴት አወቅህ?

እሱ፦ ብርኩማዋ አልተጣበቀችም፤ ቆዳው ላይ የያዛት የገመዱ ውጥረት ነው። ድምፅ የሚሰጠው ርዝመት የሚቆጠረው ደግሞ ከእሷ ነው። ገመዱን ልክ ግማሹ ላይ ብትነኪው ያው የባዶው፣ ጣት ያልነካው ገመድ ድምፅ ቀጥኖ ይመጣል፤ ከላይ ሲሶውን ትተሽ ብትነኪው በምዕራቡ ቆጠራ አምስተኛው ድምፅ ነው። ብርኩማዋ ፈቀቅ ካለች ግማሹም ሲሶውም ቦታ ቀየሩ፤ ፕላስተርሽ ግን እዚያው ተቀምጧል።

እሷ፦ መምህሬ አይተው ሳቁ፣ ከዚያ በጥፍራቸው ላጡት። «ልጄ፣ እንጨቱን ነው የምትመቺው ገመዱን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ገመዱና እንጨቱ ስለተራራቁ አንገቴን ዘንበል ባደረግኩ ቁጥር ምልክቱ ሌላ ቦታ ይታየኝ ነበር።

እሱ፦ እኔ ግን ፕላስተሩን እንዲህ አልንቀውም። ለመጀመሪያው ሳምንት እጅ ቅርፁን እንዲይዝ ይረዳል።

እሷ፦ የየትኛውን ቅኝት፣ የትኛውን የድምፅ አሰላለፍ ቅርፅ? ነገሩ እሱ ነው እኮ። ትዝታን እንውሰድ፦ ባዶው ገመድ አንድ፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት፤ አምስት ድምፅ ሞላ። ከመሃል ጣት ወደ ቀለበት ጣት ሰፊ ዝላይ ነው፣ ሌሎቹ ጠበብ ይላሉ። ግማሽ ትዝታ ስትለው መሃል ጣት ወደ ሌባ ጣት፣ ትንሿም ወደ ቀለበት ጣት ትጠጋለች። አምባሰል ላይ ደግሞ ሌባ ጣት ወደ ላይ፣ ወደ አንገቱ ጫፍ ትወጣለች፣ ከእሷ እስከ መሃል ጣት ያለው ሜዳ ይሆናል። ባቲና አንቺሆዬም የየራሳቸው አላቸው። ለሁሉም ልለጥፍ ብል አንገቱ በፋሻ የተጠቀለለ ቁስለኛ ይመስላል።

እሱ፦ (ሳቅ) ተረታሁ። ታዲያ መምህርሽ ምን አደረጉ?

እሷ፦ ማሲንቆውን ቀሙኝ! አንድ ሳምንት ሙሉ ትዝታን በአፌ ብቻ እንዳዜም አዘዙኝ። ቡና ሳፈላም፣ ልብስ ሳጥብም። ከዚያ የማሲንቆውን መቃኛ እንጨት ጠምዝዘው ባዶውን ገመድ ከእኔ ድምፅ ጋር አስማሙት። «አሁን አዚሚ፣ ጣትሽ ትከተል።» ጣቴ ሲያንስ ጆሮዬ ያሳክከኝ ጀመር፤ ድሮ አይሰማኝም ነበር።

እሱ፦ ቡርቧክስ መንደር ያሉ የአዝማሪ ልጆች እንደዚያው ነው የሚያድጉት፤ ዜማውን ጠግበው ነው ማሲንቆ የሚይዙት። እኛ ከማሲንቆው ጀምረን ዜማውን እንፈልጋለን።

እሷ፦ ክረምት ሲገባ ደግሞ ቆዳው እርጥበት ይጠጣል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። ከመጀመሬ በፊት መቃኘት ሥራዬ ሆኗል።

እሱ፦ አሁን የቸገረሽ የቱ ጋ ነው?

እሷ፦ ትንሿ ጣት። አጭር ናት፣ ደካማ ናት፣ ስትዘረጋ ሌሎቹን ጎትታ ታነሳለች። አውራ ጣቴንም አንገቱ ላይ አጥብቄ ስይዝ ይብሳል፤ ላላ ሳደርገው ትንሽ ትደርሳለች።

እሱ፦ እስቲ አሰሚን።

እሷ፦ አሁን? እሺ ሙጫ ላሽ። (የማሲንቆ ድምፅ)

እሱ፦ የመጨረሻዋ…

እሷ፦ ዝም በል፣ ሰምቻታለሁ። ዝቅ ብላለች። ቆይ።

(የማሲንቆ ድምፅ)