ከሜዳው ዳር ስለቆመው ሰው

ክቡራን የስፖርት ክለብ አመራሮች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፤

ክለብ ሲባል ወዲያው የሚታዩን አሥራ አንድ ወጣቶች፣ ማልያና ዋንጫ ናቸው። ዙሪያውን ቆሞ የሚጮኸው፣ ከተጫዋቾቹ ይልቅ መንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ሕዝብ ግን ፊሽካው ሲነፋ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አንዳንዱም፣ አገሩ ደብረ ብርሃን ነውና፣ በአረቄ ቤት በኩል ዞሮ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ከሜዳው ዳር ስለቆመው ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህን ለመንዝ ገበሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ምክሩ የሚመለከተው ከወንበር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ወንበር የምንዘዋወረውን እኛን የከተማ ሰዎችን ነው።

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ይቆያል፤ በዚሁ ድርጅት ግምት በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት መኖሩን አያውቁም። ሰው፣ በተለይ ጎልማሳ ወንድ፣ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሲያመው ነው፤ ኳስ ሜዳ ግን ደህና ሳለ ይመጣል። ስለዚህ በወር አንድ እሁድ የጤና ባለሙያ የግፊት መለኪያ ይዞ ከሜዳው ዳር ቢቀመጥ፣ ተመልካቹም በዕረፍት ሰዓት እየተለካ ግፊቱ ከፍ ያለው ወደ ጤና ጣቢያ ቢላክ፣ በአዳራሽ ከሚሰጥ ብዙ ትምህርት የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

«ዕድሜዬ አልፏል፣ ጉልበቴም አይችልም» ለሚል ሰው የዚሁ አገር ልጅ ምስክር አለ። በመንዲዳ አቅራቢያ በጃቶ የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ማሸነፉን የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ግን እምብዛም አይነሳም፤ በ1961 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። እግር መሮጥ ሲያቅተው ክንዱን ያሠራ ሰው ነው። ታዲያ ክለቦቻችን ለአካል ጉዳተኞች ያላቸው ቦታ የት ነው? ለእናቶችስ? ሜዳውን ለወጣት ወንዶች ብቻ መተው አልነበረብንም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣም ሆነ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሰው ለጥቂት ሳምንታት በእርምጃ ይጀምር፣ የልብ ሕመም ወይም ግፊት ያለበትም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

የክለብ አመራሮች፣ አዲስ ሜዳ አልጠይቃችሁም። የምጠይቃችሁ ከእሁድ ጨዋታ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ለእናቶች፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንድትለቁ፣ የአሸናፊነት ግብዣውም ከአረቄ ይልቅ ሻይና ቆሎ እንዲሆን ነው። መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የፈቀደ ክለብ ከመውጣቱ በፊት ሜዳውንና ሰዓቱን ያስመዝግብ።

አመሰግናለሁ።